አምባሰል የማን ነው? በነጻ ፈቃድ ስለሚሰራጭ ሙዚቃ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የከተማዋ ስም በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል ምክንያት ሲሆን፣ የወረዳዋ ስም ግን ይበልጥ የሚታወቀው በሙዚቃ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚጠሩት አራት የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ መጠሪያውን ያገኘው ከዚሁ ከአምባሰል ነው (ባቲም ብትሆን ሩቅ አይደለችም፤ ከደሴ በስተምሥራቅ ናት)። እንግዲህ አንድ የውጫሌ ተማሪ አንድ የአምባሰል ዜማ ከኢንተርኔት አውርዶ ለጓደኞቹ ቢያድል፣ ወይም ራሱ ላዘጋጀው አጭር ፊልም ማጀቢያ አድርጎ ቢያሰራጨው የነካው የማንን ንብረት ነው? የሕዝቡን? የዘፋኙን? የአሳታሚውን? ወይስ የማንንም አልነካም?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ «ነጻ» የሚለውን ቃል መፈተሽ ያስፈልጋል። ቋንቋችን በዚህ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያልታሰረ፣ ባለቤቱ የፈቀደው ማለት ነው። በስልካችን የምናዳምጠው አብዛኛው ዘፈን በመጀመሪያው ትርጉም ነጻ ነው፤ በሁለተኛው ግን አይደለም። በዩቲዩብ ላይ ያለ ክፍያ ማዳመጥ ይቻላል፤ አውርዶ ማባዛት ወይም ቆርጦ በሌላ ሥራ ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሙዚቃ ቤት ገብቶ በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ማስጫን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ገንዘቡ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለጫነው ሰው እንጂ ለዘፈነው አይደለም። ስለዚህ በሁለቱም ትርጉም ነጻ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ትርጉም ነጻ ስለሆነው ሙዚቃ ነው። እንዲህ ያለ ሙዚቃ በብዛት አለ፤ ችግሩ አብዛኞቻችን የት እንደሚገኝና ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብ አለመልመዳችን ነው።

ቅኝቱ፣ ዜማውና ቅጂው

አንድ ዘፈን በሕግ ፊት አንድ ነገር አይደለም። ከሥር ቅኝቱ አለ፤ በቅኝቱ ላይ ዜማውና ግጥሙ ይገነባሉ፤ ዜማውን አንድ ከዋኝ በራሱ ስልት ይጫወተዋል፤ በመጨረሻም ያ አጨዋወት በመቅረጫ መሣሪያ ይቀረጻል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ ባለቤት አልባም ሊሆን ይችላል።

ከቅኝቱ እንጀምር። ቅኝት በፊዚክስ ዓይን ሲታይ የድግግሞሾች ዝምድና ነው። በፒያኖ ላይ ከአንድ ድምፅ ተነሥተን ድግግሞሹ እጥፍ እስከሚሆንበት ድምፅ ድረስ 12 እኩል እርከኖች አሉ። እያንዳንዱ እርከን ግማሽ ድምፅ ይባላል፤ ወደ ላይ አንድ እርከን በወጣን ቁጥር ድግግሞሹ በ1.0595 ይባዛል (ይህ ቁጥር 12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 ይሆናል)። አምባሰል ከመነሻው ተነሥቶ 1፣ 4፣ 2፣ 1 እና 4 እርከኖችን እየዘለለ ወደ መነሻው እጥፍ ይደርሳል። መነሻውን 261.6 ሄርዝ ብናደርገው ተከታዮቹ 277.2፣ 349.2፣ 392.0 እና 415.3 ሄርዝ ይሆናሉ፤ ዑደቱም 523.3 ሄርዝ ላይ ይዘጋል። ከመነሻው ድምፅ አጠገብ ያለችው ያቺ ጠባብ የመጀመሪያ እርከን፣ ቀጥሎም የሚመጣው ሰፊ ዝላይ ለአምባሰል ዜማ የተለየ ጠባዩን ይሰጡታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ቢያነሣ አንድ ደስ የሚል ነገር ያገኛል። ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት የሚዘልለው 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 እያለ ነው። ይህንኑ ዑደት ከአራተኛው ድምፅ ጀምረን ብንቆጥረው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይመጣል፤ ይህም ራሱ አምባሰል ነው። ሁለቱ ቅኝቶች የሚሠሩት በአንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ነው ማለት ነው፤ የሚለያዩት ዜማው ተነሥቶ ተመልሶ በሚያርፍበት ድምፅ ነው። (የማሲንቆና የክራር ተጫዋቾች መሣሪያቸውን በጆሯቸው ስለሚቃኙ ከላይ ከሰጠናቸው ቁጥሮች በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፤ ለጆሯችን የሚጣፍጠውም አንዳንዴ ይኸው ልዩነት ነው።)

እንዲህ ያለው የድግግሞሽ ዝምድና የማንም የግል ንብረት አይሆንም። በሀገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ዘዴንና ቀመርን ከጥበቃ ውጪ አድርጓል። ቅኝት ደግሞ የዜማ ቀመር ነው። ማንም ሰው፣ በውጫሌም ሆነ በቶኪዮ፣ በአምባሰል አዲስ ዜማ ቢደርስ ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም።

ወደ ዜማውና ወደ ግጥሙ ስንወጣ ሁኔታው ይለወጣል። ደራሲው የታወቀ ዜማ በአዋጁ መሠረት የሚጠበቀው በሥራ አመንጪው የሕይወት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ፣ ደራሲው የማይታወቅ የሰርግ ወይም የለቅሶ ዜማ፣ እንዲሁም በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይህ ገደብ አይነካቸውም። ከዚያ በላይ የከዋኙና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ መብት አለ፤ የሁለቱም ዘመን 50 ዓመት ነው። ስለዚህ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ዜማ ትናንት ተቀርጾ ከሆነ ዜማው የሁላችን፣ ቅጂው ግን የቀረጸውና የዘመረው ሰው ነው።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። መብቱ የሚገኘው በምዝገባ አይደለም፤ ሥራው ወጥ ሆኖ ከተፈጠረና በጽሑፍ ወይም በቅጂ ግዙፍነት ካገኘ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የተጠበቀ ነው። በመሆኑም በኢንተርኔት ላይ ምንም ማስታወቂያ ሳይኖረው የተቀመጠ ዘፈን ባለቤቱ ዝም ስላለ ተፈቅዷል ብሎ መገመት አይገባም። አዋጁ ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ መገልበጥን ይፈቅዳል፤ አባዝቶ ማደልን ግን አይደለም። ነጻ ሙዚቃ የሚባለው እንግዲህ ከሁለት በአንዱ መንገድ የመጣ መሆን አለበት። ወይ የጥበቃ ዘመኑ አልፎ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፣ ወይ ባለቤቱ በግልጽ ቃል ፈቅዷል።

ፈቃዱ እንዴት ይነበባል?

እያንዳንዱ አድማጭ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ ደብዳቤ እየጻፈ ፈቃድ ቢጠይቅ ዕድሜ አይበቃም። ይህን ለማቃለል የሕግ ምሁሩ ላውረንስ ሌሲግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ክሪየቲቭ ኮመንስ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በ2002 መጨረሻም የመጀመሪያዎቹ ዝግጁ ፈቃዶች ወጡ። አሁን በሥራ ላይ ያለው 4.0 የተባለው እትም የወጣው በ2013 ነው። ሙዚቀኛው ሥራውን ሲለቅ ከእነዚህ ፈቃዶች አንዱን ይመርጣል፤ አድማጩም ምልክቱን አይቶ የተፈቀደለትን ያውቃል።

ፈቃዶቹ የሚሠሩት ከአራት ቅድመ ሁኔታዎች ነው። «ባይ» የሚለው ምልክት የባለቤቱን ስም ጥራ ማለት ሲሆን በሁሉም ውስጥ ይገኛል። «ኤስኤ» ማለት ከዚህ ሥራ ተነሥተህ አዲስ ሥራ ብትሠራ አዲሱንም በዚሁ ፈቃድ ልቀቀው ማለት ነው። «ኤንሲ» ለንግድ እንዳይውል፣ «ኤንዲ» ደግሞ ሥራው ተለውጦ እንዳይሰራጭ ይከለክላሉ። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ሦስቱ አማራጮች 8 ዓይነት ጥምረት መስጠት አለባቸው ይላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ተለውጦ እንዳይሰራጭ በተከለከለ ሥራ ላይ የተለወጠውን በዚሁ ፈቃድ ልቀቅ ማለት ትርጉም ስለሌለው «ኤስኤ»ና «ኤንዲ» የሚገናኙባቸው ሁለቱ ጥምረቶች ይወድቃሉ፤ 6 ፈቃዶች ይቀራሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ ባለቤቱ መብቱን በሙሉ የሚተውበት «ሲሲ-ዜሮ» የተባለ ሰነድ አለ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው።

ለፊልም ሠሪ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ እጨምራለሁ። በፈቃዶቹ ሙሉ ጽሑፍ መሠረት ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ አቀናጅቶ ማስኬድ ሁልጊዜም ሥራውን እንደ መለወጥ ይቆጠራል። ስለዚህ «ኤንዲ» ያለበትን ሙዚቃ አንዲት ኖታ ሳትነኩ እንኳ የቪዲዮ ማጀቢያ ልታደርጉት አትችሉም። «ኤስኤ» ያለበትን ብትጠቀሙ ደግሞ ቪዲዮው ራሱ በዚያው ፈቃድ መለቀቅ አለበት። ይህን በምልክቱ ብቻ የሚረዳ ሰው የለም፤ ማንበብ ይጠይቃል።

እያንዳንዱ ፈቃድ ለማንም በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ አጭር መግለጫና ረጅም የሕግ ጽሑፍ አለው። የሚያስገድደው ረጅሙ ነው። የአንድ ሰነድ ሁለት መልኮች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ለውጫሌ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም። የውጫሌው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን በዚያው መንግሥት ለመጠቀም ተስማምተዋል ይል ነበር። አንዲት ግሥ ያስነሣችው ክርክር በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደርሷል። በሙዚቃ ፈቃድ የተነሣ ጦርነት አይከፈት ይሆናል፤ ነገር ግን «ይችላል» እና «አለበት» የት እንደገቡ ለይቶ የማንበብ ልማድ ከዚያ ታሪክ ሊወረስ ይገባዋል።

በተለይ ሙዚቀኞች ልብ ሊሉት የሚገባ ጉዳይ ፈቃዱ የማይሻር መሆኑ ነው። ባለቤቱ ሐሳቡን ቢለውጥ ሥራውን ከድረ ገጹ ማንሣት ይችላል፤ ቀድመው በፈቃዱ የወሰዱ ሰዎች ግን በቅድመ ሁኔታዎቹ እስከጸኑ ድረስ መጠቀማቸውን ይቀጥላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ የሥርዓቱ ጉድለት ሳይሆን ዋና ጥንካሬው ነው። ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው በሌላው ሥራ ላይ ተመሥርቶ የራሱን አይሠራምና። ሆኖም ለሙዚቀኛው ከመፈረሙ በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የት ይገኛል?

ጀማሪ አድማጭ ፍሪ ሚዩዚክ አርካይቭ ከተባለው ስብስብ ቢነሣ ይበጀዋል። ይህን ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2009 የመሠረተው ደብልዩኤፍኤምዩ የተባለ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሆን ሥራዎቹ በሙዚቃ ዓይነት ተከፋፍለው፣ ከነፈቃዳቸው ተቀምጠዋል። በ2018 ሊዘጋ ተቃርቦ በማግሥቱ ዓመት ወደ ሌላ ድርጅት በመዛወሩ ተርፏል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ በምርጫው ጥብቅ ነው፤ «ኤንሲ» ወይም «ኤንዲ» ያለበትን ስለማይቀበል እዚያ የተገኘ ድምፅ ለሥራ ይመቻል። ኦፕንቨርስ የተባለው መፈለጊያ ብዙ ስብስቦችን በአንድ ጊዜ ያስሳል። ኢንተርኔት አርካይቭ ከሁሉም ሰፊው ነው፤ ነገር ግን እዚያ ያለ ሁሉ ነጻ አይደለም። የድሮ ሸክላዎችን በዲጂታል ቀርጾ በማቅረቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ትልልቅ አሳታሚዎች ከስሰውት ጉዳዩ በ2025 በስምምነት አልቋል። ስለዚህ ስብስቡን ሳይሆን የእያንዳንዱን ሥራ ገጽ ማየት ይገባል።

ነጻ ያደረጉት ሙዚቃ አይሸጥም የሚል ጥርጣሬ ላላቸው፣ ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 «ጎስትስ» የተባለውን አልበሙን በ«ባይ-ኤንሲ-ኤስኤ» ፈቃድ ለቅቆ ነበር። ማንም በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ሊያገኘው እየቻለ በዚያ ዓመት በአማዞን ከተሸጡ የኤምፒ3 አልበሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። እርግጥ ነው፣ ቡድኑ አስቀድሞ ታዋቂ ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ሙዚቀኛ እንዲህ ያገኛል ማለት አይቻልም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን የኪሚኮ ኢሺዛካ ነው። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1750 በመሆኑ ድርሰቶቹ ከማንም ጥበቃ ውጪ ናቸው። ይሁን እንጂ «የጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» የተባለውን ድርሰቱን በነጻ አውርዶ እንዳሻው ሊጠቀምበት የፈለገ ሰው ጥራት ያለው ነጻ ቅጂ ለማግኘት ይቸገር ነበር፤ ድርሰቱ ነጻ፣ ቅጂዎቹ ዝግ ነበሩና። ጀርመን-ጃፓናዊቷ ፒያኒስት በሕዝብ መዋጮ ወጪዋ ተሸፍኖላት ድርሰቱን በርሊን ውስጥ ባለ ስቱዲዮ ተጫውታ፣ በ2012 ቅጂውን ከነኖታው በ«ሲሲ-ዜሮ» ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የሙዚቃ ተማሪ ባኽን ያለ ስጋት ያዳምጣል፣ ይቆርጣል፣ ያቀናብራል። ለመሥራት ያስፈለገው አንዲት ጎበዝ ተጫዋች፣ አንድ ጥሩ መሣሪያና የጥቂት ቀናት ሥራ ነው።

መብቱ የተከበረለት ተጠቃሚም ቢሆን አንዳንዴ መጉላላት ይደርስበታል። የሙዚቃ ቲዎሪ መምህሩ ኡልሪሽ ካይዘር የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈባቸውን የቤትሆቨን፣ የሹበርትና የሌሎች ደራስያን ቅጂዎች ለማስተማሪያ በዩቲዩብ ላይ ሲያኖር፣ የድረ ገጹ መፈተሻ ፕሮግራም የሌላ ሰው ንብረት ናቸው እያለ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ልኮበታል፤ ይህን በ2018 በይፋ ጽፎታል። ማሽኑ የሚያወዳድረው የድምፅ ሞገዶችን እንጂ የጥበቃ ዘመንን አይደለምና አንድ ዜማ ከሌላ ሰው ቅጂ ጋር ከተመሳሰለለት ይበቃዋል። ስለዚህ ነጻ ሙዚቃ ስትጠቀሙ የርዕሱን፣ የባለቤቱን፣ የተገኘበትን ገጽና የፈቃዱን ስም ከነእትም ቁጥሩ መዝግባችሁ አስቀምጡ። በሥራችሁ መጨረሻ መጻፍ ያለባችሁም እነዚሁኑ ነው።

የእኛ ሸክላዎች

ኢትዮጵያዊ ሙዚቃስ? ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ እነዚህም ለንግድ ከተቀረጹ ኢትዮጵያዊ ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሒሳቡን በእርከን እንሥራው። ተሰማ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 በመሆኑ በሀገራችን አዋጅ ስሌት የድርሰት መብታቸው 50 ዓመት በ2014 ሞልቷል። የሸክላዎቹ የድምፅ ሪከርዲንግ ዘመን ከዚያ ብዙ ቀድሞ አብቅቷል። በአሜሪካም በ2018 የወጣው ሕግ ከ1923 በፊት የታተሙ የድምፅ ቅጂዎችን በሙሉ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሕዝብ ሀብት አድርጓቸዋል። ስለዚህ ከዋናው ሸክላ ላይ የተገለበጠ የተሰማ እሸቴ ድምፅ የሁላችን ነው። ሆኖም ጥንቃቄ አይለየን። ብዙ ሰው እነዚህን ዘፈኖች የሚያውቃቸው እ.ኤ.አ. በ2011 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ጥራዝ ከወጣው ሲዲ ነው፤ የዚያ እትም ማብራሪያ፣ ትርጉምና ሽፋን አዲስ ሥራዎች ስለሆኑ የየራሳቸው ባለቤት አላቸው።

የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ወርቃማ ዘፈኖች ግን ሌላ ናቸው። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የድምፅ ሪከርዲንግ 50 ዓመት አልፏል ሊባል ይችላል፤ ዜማና ግጥም ደራሲዎቹ ግን በሕይወት ያሉ ወይም ካረፉ 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አንዱ እርከን ተከፍቶ ሌላው እንደተቆለፈ ነው። ማሪቱ ለገሠ በድምጿ ያስወደደችንን አምባሰልም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል፤ ቅኝቱ የወረዳው ሕዝብ፣ ቅጂው የባለመብቶቹ ነው።

እንግዲህ ዛሬ በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ የአምባሰል ዜማ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። ቅኝቱ ስሙን ባገኘበት ወረዳ ያለ ተማሪ ለፊልሙ ማጀቢያ የሚሆን ነጻ ሙዚቃ ሲፈልግ የባኽን ፒያኖ ቶሎ ያገኛል፤ የሀገሩን ማሲንቆ አያገኝም። ነገሩ የባኽን ድርሰት ከገጠመው ጋር አንድ ነው፤ ዜማው ክፍት ሆኖ ሳለ ክፍት ቅጂ የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ደግሞ የበርሊን ስቱዲዮ አያስፈልግም።

ለመቅረጽ ለሚያስቡ

አብዛኛው ተማሪ ስልክ አለው። ይሁን እንጂ አንዳንድ የስልክ መቅጃዎች የተሠሩት ለንግግር ነው፤ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ናሙና ይወስዳሉ። ናሙና የተወሰደ ድምፅ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከናሙናው ብዛት ከግማሹ በታች ስለሆነ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በ392 ሄርዝ የሚጮህ የማሲንቆ ድምፅ በ784፣ በ1,176፣ በ1,568 ሄርዝ እያለ የሚቀጥል የአጃቢ ድምፆች ሰንሰለት አለው፤ በእንዲህ ያለው መቅጃ ከ10ኛው በላይ ያሉት አይተርፉም። የፈረስ ጭራው በጭራ ሲፋቅ የሚሰማው ሻካራ ለዛ በአብዛኛው ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ የመቅጃውን ማስተካከያ ከፍታችሁ በሰከንድ 48,000 ናሙናና በ16 ቢት፣ ሳይጨመቅ እንዲቀርጽ አድርጉ። ባለ አንድ መስመር የሆነ የ10 ደቂቃ ቅጂ 57.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ከተቀረጸ በኋላ ፍላክ በተባለው ዘዴ ምንም ሳይጎድልበት ማሳነስ ይቻላል። ለማሰራጨት ኦፐስ የተባለው ነጻ ቀመር አለ፤ በሰከንድ 96,000 ቢት ሲሆን የ5 ደቂቃ ዜማ 3.6 ሜጋባይት ብቻ ይሆናልና በብሉቱዝ ለማዛወርም አያስቸግርም። ስልኩን ከማሲንቆው ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብታቀርቡት በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል፤ የጎረቤት ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል።

ከቴክኒኩ የሚከብደው ስምምነቱ ነው። አዋጁ ክዋኔን ያለ ከዋኙ ፈቃድ መቅረጽን ይከለክላል። አዝማሪው ግጥሙን እዚያው እየፈጠረ ከሆነ ደግሞ የመቅረጫው ቁልፍ በተነካባት ቅጽበት ግጥሙ ግዙፍነት አግኝቶ በሕግ የሚጠበቅ ሥራ ይሆናል፤ ባለቤቱም ስልኩን የያዘው ሳይሆን አዝማሪው ነው። «ተቀበል» ተብሎ ከታዳሚ የተወረወረ ግጥም ቢሆንስ? ያን ጊዜ የስንኙ አመንጪ ያ ታዳሚ ነውና እርሱም መጠየቅ አለበት። ሰርግ ላይ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ለነጻ ፈቃድ የሚውል ቅጂ ለብቻው፣ በቀጠሮ ቢሠራ ይሻላል።

በማሲንቆው ለሚኖር ሰው «ሲሲ-ዜሮ» እንዲመርጥ አልመክርም። ስሙ ሥራ የሚያስገኝለት እርሱ ነው፤ «ባይ» ወይም «ባይ-ኤስኤ» ቢመርጥ ቅጂው ደቡብ አሜሪካ ቢደርስ እንኳ ስሙ አብሮት ይሄዳል። «ኤንሲ» መጀመሪያ ሲሰሙት የሚያጓጓ ቢሆንም ዊኪሚዲያ ኮመንስ ስለማይቀበለው ተማሪዎች በብዛት ከሚፈልጉበት ቦታ ያስቀረዋል። ምርጫው ግን የባለሙያው ነው፤ ፈቃዱ የማይሻር መሆኑ፣ ማንም ሰው ለንግድ ጭምር ሊጠቀምበት እንደሚችል በአማርኛ በግልጽ ይነገረው፤ የማይፈልግ ከሆነ መቅረጹ ይቅር። ከተስማማ በቅጂው መጀመሪያ ላይ በራሱ ድምፅ ስሙን፣ የሚጫወተውን ቅኝትና የፈቀደውን ይናገር፤ ከዚያም በወረቀት ይፈረም። በፋይሉ ውስጥ ርዕሱ፣ የከዋኙ ስም፣ የተቀረጸበት ቀበሌና ቀን፣ የፈቃዱ ስም በሚጻፍበት ሥፍራ ሁሉ ይሞላ፤ አንድ ቅጂ በሜሞሪ ካርድ ለአዝማሪው በዚያው ዕለት ይሰጠው።